የአቶ እንድርያስ ስፒከሮች

ለታ በሙያው የታመነ ሰው ነበር። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የሕክምና መሣሪያዎችን ይጠግናል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አዲሱ ገበያ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲሠራ ኖሯል። የሰፈሩ ሰው ዕቃ ሲበላሽበት «እስቲ ለታ ይየው» ይላል። ለታ አይቶ «ይሠራል» ካለ ይሠራል። «ሞቷል፣ በከንቱ አትልፉ» ካለ ደግሞ ዕቃውን ሁለተኛ ሰው ጋ የሚወስድ የለም። በአርባ ስድስት ዓመቱ ከዚህ የበለጠ ሀብት አልነበረውም፤ እሱ ግን እንደ ሀብት አይቶት አያውቅም።

ትርፍ ጊዜውን የሚበላው ሙዚቃ ነው። ሙዚቃ ብቻም አይደለም፣ ድምፅ ራሱ። ዘፋኝ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ፣ የክራር ጅማት ላይ ጣት ስታርፍ የምትሰማዋን ትንሽ ኮሽታ መስማት ይፈልጋል። ለዚህ ሲል ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዱን ሰጥቶ በገዛ እጁ አምፕሊፋየር ሠራ። የዛሬውን ዓይነት አይደለም፤ በቲዩብ የሚሠራ። ቲዩብ ማለት ድሮ በትልልቆቹ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ የነበረው፣ ሲበራ ውስጡ እንደ ፍም የሚቀላ የመስታወት ጠርሙስ ነው። ከተጣሉ ሬዲዮኖች እየፈታ፣ ከሰው እየለመነ፣ አንዳንዱንም ከውጭ እያስመጣ ሰበሰባቸው።

ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ሚስቱን ሮሃን ሶፋው ላይ አስቀምጦ አበራው። ቲዩቦቹ ቀሉ። ሙዚቃውም መጣ፤ ግን ከጎረቤት ቤት በግድግዳ በኩል የሚሰማ ይመስል ነበር።

«ሦስት ዓመት የለፋኸው ለዚህ ነው?» አለች ሮሃ። «እውነቱን ልንገርህ? ስልኬ ይሻላል።»

ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ አልነበረም። ጉልበቱ ስምንት ዋት ብቻ ነው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ያሉት ስፒከሮች ደግሞ ያሁን ዘመን ናቸው፣ ብዙ ጉልበት ካልገፋቸው አይነቃነቁም። ለእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር የሚሆኑት ያኔ፣ ጉልበት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ለሲኒማ ቤትና ለትልልቅ አዳራሽ የተሠሩት ናቸው። እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀታቸው ከጉንፋን መድኃኒት መጠቅለያ የማይከብድ፣ ማግኔታቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ፣ በሹክሹክታ ጉልበት አዳራሽ የሚሞሉ። እንደዚያ ያለ ስፒከር አዲስ አበባ ውስጥ ማን አለው? ለታ ሁለት ዓመት ፈለገ። መርካቶ ሄደ፣ ያረጁ ሆቴሎች ጓዳ ድረስ ገባ። አላገኘም።

ያገኘለት ሸምሰዲን ነው። ሸምሰዲን አዲሱ ገበያ ላይ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከለታ ጋር የሃያ ዓመት ወዳጆች ናቸው። አንድ ሐሙስ ደወለለት።

«ቁጭ በል» አለው። «ቀጨኔ አንዲት እናት አሉ፤ ወይዘሮ ደሳለች ይባላሉ። ባላቸው አቶ እንድርያስ የአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ሠራተኛ ነበሩ። ድሮ ሚስዮናውያን ለአዳራሹ ያመጧቸው ስፒከሮች ነበሩ። አዲስ መሣሪያ ሲገባ አሮጌዎቹን ለእሳቸው መሸኛ ሰጧቸው። ሰውየው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው። አሁን ዕቃው ቤት ሞልቶባቸው መሸጥ ይፈልጋሉ።»

«ጡሩንባ አለው?»

«ከላዩ የብረት ጡሩንባ፣ ከታች ሰው የሚያስተኛ ሳጥን። ሁለት ናቸው።» ከዚያ ሸምሰዲን ሳቀ። «ደግሞ አደራህን፣ እንደ ልጅ አፍህን ከፍተህ አትቁም። እያደነቁ ዕቃ አይገዛም።»

ለታ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀጨኔ ወጣ። ወይዘሮ ደሳለች ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የሚለብሱ ሴት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ከክፍሉ ሲሶውን ስፒከሮቹ ይዘውታል። በዳንቴል ሸፍነዋቸዋል፤ በአንደኛው ላይ የባላቸው ፎቶ፣ በሌላው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ተቀምጧል።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም» አሉ። «ከፍተህ እንድትሰማው ብዬ ነበር።»

«ግድ የለም እማማ፣ ከኋላ ፈትቼ አየዋለሁ።»

«ሸምሰዲን ስላንተ ነግሮኛል። ለታ የማያውቀው ዕቃ የለም፣ የሚያውቀውንም አይደብቅም አለኝ። እኔ ዋጋውን አላውቅም፣ ልጄ። እይልኝና እውነቱን ንገረኝ፤ በቃ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሻይ ሊያፈሉ ወደ ጓዳ ገቡ። ለታ ዳንቴሉን አጣጥፎ አስቀመጠ፣ ፎቶውን ወደ ጠረጴዛው አዛወረ፣ የኋላውን ጣውላ ፈታ። ስልኩን አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ወረቀቱ አንድ ጭረት የለበትም። ዙሪያው ያለው ጨርቅ ዛሬ የተሰፋ ይመስላል። ሽቦዎቹ በሥርዓት ታስረዋል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አቶ እንድርያስ በትንንሽ ፊደል ቀን ጽፈዋል፣ መቼ እንዳጸዱት። የመጨረሻው ቀን ሰውየው ከማረፋቸው አንድ ወር በፊት ነው።

ከኪሱ ባትሪ ድንጋይና ሁለት ቀጭን ሽቦ አወጣ። ስፒከር ነፍስ እንዳለው ማወቂያው ቀላል ነው፤ ሽቦውን ለቅጽበት ባትሪው ላይ ማስነካት። አስነካው።

«ቶክ!»

ከአንዲት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሲወጣ ለታ ሰምቶ አያውቅም። ደረቱ ላይ የመታው መሰለው። ሁለተኛውንም ሞከረ። «ቶክ!»

ወይዘሮ ደሳለች ማንኪያ እንደያዙ ከጓዳው በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው ተለውጧል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«የቱ እማማ?»

«ድምፁ። እንድርያስ እሑድ ጠዋት አዳራሹን ከፍቶ ሲያበራው መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚለው። እኔ ደጅ ቆሜ እሰማው ነበር። ቶክ ሲል፣ በቃ ተነሣ እል ነበር።»

ለታ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ኪሱ ባዶ አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ብሎ ሁለት ዓመት ያስቀመጠው ነበረው። ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ እጃቸውን ስሞ፣ ደስ ብሎት መሄድ ይችል ነበር። ግን የሸምሰዲን ምክር ጆሮው ላይ አለ፤ ደግሞ ሴትየዋ በድምፁ እንዲህ ከተደሰቱ ሊሸጡት አይችሉም ብሎ ፈራ። ወይም ደግሞ ሌላ ሰው ይጠይቁና ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ይህን ሁሉ ያሰበው ማንኪያው ላይ ያለው ስኳር ሳይረግፍ ነው።

«እሱ እንኳ... ማለቴ፣ ይሄ የብልሽቱ ድምፅ ነው» አለ። «ጤነኛ ቢሆን እንዲህ አይጮህም።»

«የብልሽት?»

«ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል። ወረቀቱም በስብሷል። ማግኔቱ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ደክሟል። ዕቃ እንደ ሰው ነው እማማ፣ ያረጃል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ወይዘሮ ደሳለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማንኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እኔኮ ሸጬው ለእንድርያስ መቃብር ሐውልት ላሠራለት ነበር» አሉ። «አፈር ብቻ ነው ያለው። ስሙን የጻፍንባትን እንጨት ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወሰዳት። አሁን ስሄድ በጎረቤቶቹ መቃብር ነው ቦታውን የምለየው።»

ለታ የፈታውን ጣውላ መልሶ ማሰር ጀመረ። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ።

«እንግዲህ ቦታ እንዳይዝብዎት» አለ ቀና ሳይል፣ «ለእንጨቱ ያህል ትንሽ ነገር ሰጥቼዎት ልውሰደው።» የጠራው ዋጋ ለአንድ ደህና የልብስ ሳጥን የሚበቃ አልነበረም።

ወይዘሮ ደሳለች ትክ ብለው አዩት። «ለእንጨቱ ብለህ ነው ወይስ ለእኔ አዝነህ?»

«ያው... ሁለቱም ነው።»

«ጌታ ይባርክህ» አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነው ብሎ ያታልለኝ ነበር።»

ቅዳሜ መኪና ይዞ ሊመጣ ተስማምተው ተለያዩ። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ያን ሳምንት ሳሎኑን አዘጋጀ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ ገፋ፣ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባ፣ ስፒከሮቹ የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረ። ሮሃ ዋጋውን ስትሰማ ቅንድቧ ተነሣ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋ ስትለው የነበረው ዕቃ በዚህ?»

«ምንነቱን አያውቁትም።»

«አንተስ ነገርካቸው?»

«ገበያ ነው ሮሃ። እኔ ልግዛ እንጂ ልሽጥላቸው አልሄድኩም።»

ሮሃ የሶፋውን አንድ ጫፍ ይዛ አነሣችለት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለታ ግን ለራሱ ብዙ ተናገረ። ስፒከሮቹን ሲያስገባ አንድ ነገር ይጨምርላቸዋል። ለገና በግ ይወስድላቸዋል። ሐውልቱንም ቢሆን፣ ጊዜው ሲመቸው፣ በሆነ መንገድ ይረዳቸዋል። በየቀኑ የሚሰጣቸው ነገር እየጨመረ ሄደ፤ ሁሉም ግን በሐሳቡ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ዳማስና ሁለት ተሸካሚ ይዞ ቀጨኔ ደረሰ። ዝናብ ጥሎ አድሮ ዳገቱ ስለሚያንሸራትት መኪናውን ታች አቆሙ። ወይዘሮ ደሳለች ከሩቅ አይተውት ፈገግ እያሉ ወጡ።

«አይ ልጄ! ስልክ ቁጥርህን ሳልይዝ! በከንቱ አለፋሁህ።»

ቤቱ ውስጥ ስፒከሮቹ አልነበሩም። በቦታቸው አዲስ የተመታ አልጋ ቆሟል፤ ላዩ ላይ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ሕፃን ተኝታለች። የአልጋው ጎንና ራስጌ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ፣ ያማረ ጣውላ ነው። ለታ ጣውላውን አወቀው።

«የት ሄዱ?» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ተቀመጥ፣ ልንገርህ» አሉ ወይዘሮ ደሳለች። «ማክሰኞ አንድ ሰው መጣ። ደህና የለበሰ፣ ትሑት። የሙዚቃ ቤት ሊከፍት ነው አሉ፤ ስለ ዕቃው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰምቶ ነው። ገና ከበር ሲያያቸው ዓይኑ በራ። እናቴ፣ እነዚህን ከሸጡልኝ ይህን ያህል እሰጥዎታለሁ አለኝ። የጠራው ገንዘብ፣ ልጄ፣ ለአንድ አይደለም ለሦስት ሐውልት ይበቃል።»

«እና?»

«እና ምን እላለሁ? ዕቃው ሞቷል አልኩት። እንድርያስ በአዳራሹ አርባ ዓመት ያገለገለበት ነው፤ በእሱ ስም የተበላሸ ዕቃ ሸጬ የእሱን ድንጋይ አላቆምም። ማን አለዎት አለኝ፣ ለታ የሚባል ባለሙያ አልኩት። ለካ ያውቅሃል! ለታ ካለ አበቃ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።»

ለታ የአልጋውን ራስጌ በእጁ ያዘ።

«ረቡዕ ደግሞ ልጄ ሃዊ መጣች» ቀጠሉ ወይዘሮ ደሳለች። «ትዳሯ አልሆነላትም፣ ይህችን ልጇን ይዛ መጣች። የምትተኛበት የለም። እኔም አሰብኩ። ያ ደግ ልጅ ለእኔ አዝኖ የማይረባ ዕቃ ተሸክሞ ሊሄድ ነው፣ የመኪና ሊከፍል ነው፣ ለምን አስቸግረዋለሁ አልኩ። ጎረቤታችን አናጢ ስለሆነ ከሳጥኑ አልጋ ሠራልን። ብረታብረቱን ትናንት ጠዋት ቁራሌው ወሰደው። ወረቀቱን እሳት አያያዝንበት።»

ከዚያ ተነሥተው ከአልጋው ሥር አንድ ቆርቆሮ ሳጥን አወጡ።

«ይኼን ግን ላንተ አስቀመጥኩ። ለእውነተኝነትህ። እንድርያስ እነዚህን ስፒከሮች የሚገዛ ሰው ከመጣ ይኼን አብራችሁ ስጡት ይል ነበር። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቀዋለህ።»

ለታ ከፈተው። በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ አራት አዳዲስ ወረቀቶችና ጥቅሎች ነበሩ፤ የስፒከሮቹ መለዋወጫ፣ ከነማሸጊያቸው፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይነኩ የኖሩ። ከላይ በአቶ እንድርያስ የእጅ ጽሑፍ «ለሚቀጥለው አገልጋይ» ይላል።

ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው አያስታውስም። ተሸካሚዎቹን አሰናበተ፣ ቁራሌው ዕቃውን የሚያስረክብበትን ጠይቆ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ የብረት መግዣ ግቢ ሮጠ። ባለቤቱ ሸፊ የሚባል፣ ሚዛኑ አጠገብ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠ ሰው ነው።

«ትናንት ከቀጨኔ የመጣ የስፒከር ብረት» አለ ለታ። «ሁለት ትልልቅ። ጡሩንባ ያለው።»

«አዎ፣ አስታውሳለሁ። መዳቡን ለይተነዋል።» ሸፊ በአገጩ ወደ ማዕዘኑ አመለከተ። «ማግኔቱ አስቸገረን እንጂ። በመዶሻ ነው የሰበርነው።»

ለታ ክምሩ ውስጥ ገባ። ጡሩንባዎቹ እንደ ጣሳ ተጨፍልቀዋል። ማግኔቶቹ ብዙ ቦታ ተሰባብረው ብናኝ ብረት እንደ ጠጉር በቅሎባቸዋል። ጥቅሎቹ ተቃጥለው መዳባቸው ብቻ በከረጢት ታስሯል። ከአንደኛው ስባሪ ላይ አቶ እንድርያስ የጻፏት ቀን ግማሿ ቀርታለች።

«ይፈልጉት ነበር እንዴ?» አለው ሸፊ።

«አይ» አለ ለታ። ዝናቡ እንደገና እስኪጀምር ድረስ እዚያው ቆመ።

ሰኞ ሸምሰዲን ሱቅ ሄዶ ሁሉንም ነገረው። ተስፋ ያደረገው፣ ወዳጁ «ተወው፣ ገበያ ነው» እንዲለው ነበር። ሸምሰዲን እጁ ላይ የነበረውን ቴስተር አስቀመጠ።

«እኔ አታድንቅ አልኩህ እንጂ ግደለው አላልኩህም።»

«ያው አንተም ብትሆን—»

«እኔን ተወኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ማንም እንደዋዛ አያምነኝም፤ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ተጠንቅቆ ነው። አንተን ግን የላኩህ ምን ብዬ መሰለህ? አይደብቅም ብዬ። በእኔ አፍ ነው የገባህላቸው።» ቴስተሩን መልሶ አነሣና፣ «ሂድና ንገራቸው» አለው። «አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ደግሞ ይብሳል።»

ለታ በሚቀጥለው እሑድ ቀጨኔ ተመለሰ። ወይዘሮ ደሳለች ከጸሎት ተመልሰው ነጠላቸውን ገና አልጣሉም። ሃዊም አለች፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ዝምተኛ፣ የእናቷ ዓይን ያላት ሴት። የሕፃኗን ፀጉር እየሠራች ነበር። ለታ ቆርቆሮ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ።

«እማማ፣ ስፒከሮቹ አልተበላሹም ነበር» አለ። «ጤነኞች ነበሩ። እንደነሱ ያለ አይቼ አላውቅም። በርካሽ ልገዛቸው ፈልጌ ነው የዋሸሁት።»

የሃዊ እጅ ከፀጉሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ደሳለች ወዲያው አልገባቸውም።

«ወረቀቱ በስብሷል አላልከኝም?»

«አልበሰበሰም።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ የጤና ነው። ልክ ያሉት ነው። አቶ እንድርያስ ሲያበሩት የሚለው ነው።»

ሴትየዋ ሲናገሩ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ለለታ ይቀለው ነበር።

«እኔኮ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ያን ቀን ከጓዳ ስሰማው ልቤ ደንግጧል። የእሱ ድምፅ ነው አልኩ። አርባ ዓመት የሰማሁት ድምፅ። አንተ ግን የብልሽት ነው ስትለኝ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። አሮጊት ምን ታውቃለች አልኩ። ባለሙያውን አመንኩ።» ወደ አልጋው ዞረው ጣውላውን በመዳፋቸው ነኩት። «በሕይወት ያለውን ነገር እኔ በእጄ አሳረድኩት።»

«ሐውልቱን እኔ አሠራለሁ» አለ ለታ ፈጥኖ። «ያ ሰውዬ የጠራውን ያህል እኔ—»

«አይሆንም።»

«እማማ፣ እባክዎት—»

«በዚህ ገንዘብ የቆመ ድንጋይ ላይ የእንድርያስ ስም አይጻፍም። አፈሩ ይሻለዋል።» ሳጥኑን ወደ እሱ ገፉት። «ይኼንንም ውሰደው። ሂድ ልጄ። ይቅር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ጌታም ያዘዘኝ ነው። ዛሬ ግን የለኝም። ዛሬ ሂድልኝ።»

ለታ ሳጥኑን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሃዊ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ቢሮው በር ላይ ቆመች፤ ወንበር ሲሰጣት አልተቀመጠችም።

«እናቴ አትቀበልም» አለች። «እኔ እቀበላለሁ።»

«ለሐውልቱ?»

«ለልጄ። ትምህርት ቤት ላስገባት ነው። ቤት ልከራይ ነው። አባቴ ድንጋይ አያስፈልገውም፤ እኛ ነን የሚያስፈልገን።»

«ለእማማ ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ሥራ አገኘሁ እላታለሁ።»

ለታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብሎን መፍቻ አነሣና መልሶ አስቀመጠ። ሃዊ ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

«ምነው?» አለችው። «መዋሸት ከባድ ሆነብዎት?»

ለታ ለስፒከሮቹ ብሎ ያስቀመጠውን በሙሉ ሰጣት። ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አላመሰገነችውም፣ እሱም አልጠበቀም።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ቀን ለታ ከሥራ ወጥቶ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተሰልፎ ሳለ ክንዱን ሰው ነካው። ዞሮ ሲያይ ወይዘሮ ደሳለች ናቸው። የቀይ ሽንኩርት ፌስታል ይዘዋል። ሊሸሽ ፈለገ፤ ሰልፉ ግን ከፊትም ከኋላም ይዞታል።

«አትደንግጥ» አሉት። «ባገኘሁት ስል ነበር። ብዙ ጸለይኩበት፣ ልጄ። መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ ጌታን ታገልኩት። አሁን ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው።»

ለታ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ ሲል ክንዱን ይዘው አስቆሙት።

«ደግሞ ጌታ እንዴት እንደካሰን ታውቃለህ? ሃዊ ሥራ አገኘች! ደህና ሥራ ነው። ቤት ተከራየች፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገባች። አየህ፣ ካንተ አንዲት ነገር ሳንቀበል እሱ ሰጠን። ያኔ ገንዘብህን እሺ ብል ኖሮ ዛሬ ይኼን ምስክርነት በጉባኤ ፊት እናገር ነበር? ባለፈው እሑድ ቆሜ ተናገርኩት። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ።»

ፊታቸው በርቷል። ያን ፊት ለታ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ማንኪያ ይዘው ከጓዳው በር ላይ የቆሙ ዕለት።

«ምን ትላለህ?» አሉት።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላው ያለ ሰው «ቀጥል እንጂ ወንድም» አለው። ለታ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ» አለ።